ከሴፍቲኔት ክፍያ የሚቀመጠው 20 በመቶ እና የሰፈር ዕቁብ፦ ለአንዲት የባሕር ዳር እናት ምላሽ

ጥያቄው የመጣው ከባሕር ዳር፣ ከፋሲሎ ክፍለ ከተማ ነው። ጠያቂዋ የሦስት ልጆች እናት ናቸው። ጠዋት በከተማው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም መንገድ ይጠርጋሉ፣ ከሰዓት በኋላ እንጀራ ጋግረው ለሁለት ምግብ ቤቶች ያስረክባሉ። ባለቤታቸው የቀን ሠራተኛ ናቸው። ጥያቄያቸውን ላሳጥረው፦ «ከክፍያዬ 20 በመቶው በስሜ ይቀመጣል ይሉኛል፤ እኔ ግን አላየውም። በሳምንት 200 ብር ዕቁብ እጥላለሁ፤ እሱን በዓይኔ አየዋለሁ። ብሩ ባንክ ውስጥ ዋጋ ከሚያጣ ዕቁቡን ባሳድገው አይሻልም? ደግሞስ አጠራቀመች ተብዬ ከሴፍቲኔቱ ብወጣስ? መንግሥት ደሃ እንዲቆጥብ ከፈለገ ምን ማድረግ ነበረበት?»

እህቴ፣ ከፍርሃትዎ ልጀምር፤ እንቅልፍ የሚነሳው እሱ ነውና። በሴፍቲኔቱ ውስጥ መቆጠብ የሚያስወጣ ጥፋት አይደለም። የከተማው ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. ደሴን ጨምሮ በ11 ከተሞች ሲጀመር፣ ተጠቃሚው ከሚከፈለው 20 በመቶውን እንዲቆጥብ የፕሮግራሙ ንድፍ ራሱ አዝዞ ነበር። በአካባቢ ልማት ሥራ የሚሳተፍ ቤተሰብ የሚቆየውም ለሦስት ዓመት ተብሎ ነው። መውጫው የተሰላው በጊዜ እንጂ በደብተር ላይ ባለ ቀሪ ሒሳብ አይደለም። ስለዚህ ያጠራቀሙትን አይደብቁ።

ይህን ስል ግን ፍርሃቱ ከባዶ የመጣ ነው ማለቴ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የገጠሩ ሴፍቲኔት «ምረቃ» የሚባል ነገር አለ፤ ጥሪት ያፈራ ቤተሰብ ተመርቆ ይወጣል። ቆጠራ ሲመጣ በጎቹን ለዘመድ አስጠብቆ ባዶ በረት የሚያሳይ ገበሬ በዓይኔ አይቻለሁ። ያ ሰው ሰነፍ አልነበረም፤ ሕጉን ከጻፉት ሰዎች በላይ ያነበበው ነበር። ሀብታም አገርም ከዚህ አላመለጠም። በአሜሪካ ለአካል ጉዳተኞችና ለአረጋውያን ደሆች የሚሰጥ አንድ የፌዴራል ድጎማ አለ፤ ላላገባ ሰው የሚፈቀደው የጥሪት ጣሪያ 2,000 ዶላር፣ ለባልና ሚስት 3,000 ዶላር ነው። ጣሪያው ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አልተነሣም። በዚህ ሁሉ ዘመን ስንት ዋጋ እንደናረ ያስቡት! አንድ መንግሥት በቀኝ እጁ «ቆጥቡ» እያለ በግራው የቆጠበውን ሲቀጣ ማለት ይህ ነው። እንግዲህ መንግሥት ምን ማድረግ ነበረበት ላሉት የመጀመሪያው መልስ ከኪሱ ምንም የማያስወጣው ነው፦ የቆጠበን አለመቅጣት፣ አለመቅጣቱንም በግልጽ መናገር። ለእርስዎ ይህን በወረቀት ወይም በስብሰባ ያስረዳዎት ሰው አለመኖሩ ራሱ አንድ ጉድለት ነው።

ወደ ባንኩ እንሂድ። ብሩ ዋጋ ያጣል ያሉት እውነት ነው፤ ስሌቱን አብረን እንሥራው። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጓል። 10,000 ብር ዓመቱን ሙሉ በ7 በመቶ ቢቀመጥ 700 ብር ይወልዳል። ከወለዱ ላይ 5 በመቶ ግብር ይነሣል፤ 665 ብር ይቀራል። በ2014 ዓ.ም. ከቀደመው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር ሲነጻጸር የዋጋ ንረቱ በሁሉም ወር ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በዚያ ዓመት መጀመሪያ 10,000 ብር ያወጣ የነበረ ዕቃ በመጨረሻው 13,000 አለፈ፤ ደብተሩ ላይ ያለው ግን 10,665 ነው። ንረቱ ከዚያ ወዲህ ቀንሷል፤ ቢሆንም በዚያ ዓመት የቆጠበ ደሃ የከፈለው ግብር በየትኛውም አዋጅ ላይ አልተጻፈም። አደባባይ ላይ «የቁጠባ ባህላችን ደካማ ነው» የሚል ሸራ ባየሁ ቁጥር የምናደደው ለዚህ ነው። በሳምንት 200 ብር ሳታጓድል የምትጥል እንጀራ ጋጋሪ የቁጠባ ባህል ጎድሏት አይደለም። የጎደላት ያጠራቀመችው ሳይበላሽ የሚያርፍበት ቦታ ነው።

ዕቁቡስ? ዕቁብ ከባንክ የሚበልጥበት ነገር እንዳለ ባለሙያ ነኝ የሚል ሰው መካድ የለበትም። በእርስዎ ዕቁብ 24 ሰው ቢኖር፣ በየሳምንቱ 4,800 ብር ይሰበሰባል፤ በአምስት ወር ተኩል ግድም ይጠናቀቃል። ዕጣው መጀመሪያ የወጣለት ሰው ወለድ የሌለው ብድር አገኘ ማለት ነው። መጨረሻ የደረሰው ደግሞ ያለ ወለድ ቆጠበ። ዙሩ አጭር ስለሆነ የመጨረሻው ሰውም በንረቱ ብዙ አይጎዳም። ሁለት ዓመት የሚወስድ ዕቁብ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ዋጋ በሚንርበት ጊዜ ኋላ የወጣለትን ሰው ያከስራል። ስለዚህ «ባሳድገው» ያሉት የሳምንቱን መዋጮ ከሆነ ጥሩ፣ የአባሉን ቁጥርና የዙሩን ርዝመት ከሆነ ግን አልመክርም።

ከዚያም በላይ፣ የእርስዎ ሥራ ጤፍ የሚበላ ሥራ ነው። ጤፍ ከአዝመራ በኋላ፣ በጥርና በየካቲት ገደማ ይረክሳል፤ ክረምት ሲገባ ይወደዳል። በኪሎ እየገዛ የሚጋግር ሰው ዓመቱን ሙሉ ውዱን ዋጋ ይከፍላል። ዕጣዎ በጥር ቢወጣ፣ ወይም ከጎረቤትዎ ጋር ዕጣ ተለዋውጠው በጥር ቢወስዱት፣ በዚያ ብር የሚገዙት ጤፍ በጎተራ የተቀመጠ ቁጠባ ነው። የጥር ወር ዋጋ ከነሐሴው በኩንታል 1,000 ብር ቢያንስ፣ ያ 1,000 ብር የትኛውም ባንክ በሰባት ወር የማይከፍልዎት ወለድ ነው። የሚጠብቁት ከእርጥበትና ከነቀዝ ብቻ ነው። (የጣና ዳር እርጥበት ቀልድ አያውቅም፤ ጆንያው ከወለሉ ከፍ ብሎ በርብራብ ላይ ይቀመጥ።)

ዕቁብ የማይችለው ነገርም አለ። ልጅ ሲታመም ዕጣዎ አልወጣም ይሆናል። ዕድሩ የሚደርሰው ለሞት ነው፤ ለሕመም የሚደርስ ዕድር ጥቂት ነው። እዚህ ላይ ነው አብዛኛው የደሃ ጥሪት የሚሰበረው። አንድ ነገር ልንገርዎት። ወጣት የብድር ባለሙያ ሳለሁ፣ በሐይቁ ዳር በአንድ ዋርካ ሥር በየሳምንቱ ሐሙስ የሴቶች ቡድን እሰበስብ ነበር። የሠራሁበትን ተቋም ስም አልጠራም። ሰባት ሆነው እርስ በርሳቸው ዋስ ይሆናሉ፤ ከብድሩ ላይ «የግዴታ ቁጠባ» ይያዛል። አንዲት ዓሣ ሻጭ ነበረች፤ ቆሮሶና አምባዛ ከመርከብ ጣቢያው አካባቢ ተቀብላ በሳፋ ታዞራለች። የቁጠባ ደብተሯ ሁልጊዜ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ፌስታሉ በመቀነቷ ታስሮ ይመጣል፤ ስከፍተው ዓሣ ዓሣ ይሸታል። አንድ ሐሙስ የሁለት ዓመት ልጇን አዝላ መጣች። የልጁ ትኩሳት በጀርባዋ ነጠላ በኩል ለእኔም ይሰማኝ ነበር። ከገዛ ቁጠባዋ 300 ብር ፈለገች። ደንቡ የስድስቱንም የቡድን አባላት ፊርማ ይጠይቃል፤ ሁለቱ ቡና ለቀማ ዘጌ ሄደዋል። አልሰጠኋትም። ደንቡ ነውና። የቸገረው ዱቄት ከነፋስ ይጠጋል እንደሚባለው፣ በወር በመቶ አሥር ከሚያስከፍል አራጣ አበዳሪ ወሰደች። ልጁ ዳነ። ሳፋውና ሚዛኑ ግን በሁለት ወር ውስጥ ተሸጡ። በስሟ የተቀመጠው ቁጠባ በዚያን ቀን ከዕዳዋ በላይ ነበር፤ ይህን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ስለዚህ የእርስዎን 20 በመቶ በተመለከተ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ለሕመም ቀን ትንሽ በር አለው? ሙሉ በሙሉ የተከፈተ ሒሳብ ለዘመድ፣ ለድግስ፣ ለደጅ ጠሪ ይፈሳል። ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ሒሳብ ደግሞ ባለቤቱን ወደ አራጣ ይገፋል። በዚህ ጉዳይ ካነበብኳቸው ጥናቶች ውስጥ የምወደው በምዕራብ ኬንያ ገጠር ተሠርቶ በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመው የፓስካሊን ዱፓስና የጆናተን ሮቢንሰን ነው። እነዚህ ተመራማሪዎች የሄዱት የእኛን ዕቁብ ወደሚመስሉ ማኅበራት ነበር። ለአንዳንዶቹ አባላት ቁልፉ በራሳቸው እጅ የሆነ ተራ ሣጥን ሰጡ፤ ለሌሎቹ ቁልፉ በፕሮግራሙ ሠራተኛ እጅ የሚቀመጥ ሣጥን። ለጤና ተብሎ የሚቀመጠውን ገንዘብ በእጅጉ ያሳደገው የመጀመሪያው ሆነ። ሁለተኛው በአማካይ ለውጥ አላመጣም፤ ሰዎቹ ገንዘባቸውን በችግር ጊዜ ማውጣት እንዳያቅታቸው ፈርተው አላስገቡበትም። ጥሩ የሠራው ሌላው ዘዴ ደግሞ እዚያው ማኅበሩ ውስጥ «ይህ ለጤና ነው» ተብሎ ተጨማሪ መዋጮ መጣል ነበር። እርስዎም ለዕቁብ ሰብሳቢዎ ይህን ማንሣት ይችላሉ፤ ከ200 ብሩ ላይ ሃያ ሃያ ብር ጨምሮ ለብቻ መያዝ። ሕግም ቢሮም አይጠይቅም።

ከመንግሥት በኩል ደግሞ፣ ሰዎች የቁጠባ ፖሊሲ ብለው የማይቆጥሩት፣ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ነው። በ2003 ዓ.ም. አማራን ጨምሮ በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ተሞከረ፤ ከዚያ ሰፋ። የመክፈል አቅም ለሌለው ቤተሰብ መዋጮውን መንግሥት እንዲሸፍን ሆኖ ነው የተሠራው። የዓሣ ሻጯ ልጅ የመድን ደብተር ቢኖረው ኖሮ ሳፋው አይሸጥም ነበር። ቤትዎ አባል ካልሆነ፣ ከባንክ ወለድ ይልቅ መጀመሪያ እሱን ይጠይቁ፤ የሴፍቲኔት ተጠቃሚ እንደመሆንዎ መዋጮው በነጻ እንዲሸፈንልዎ መመዝገብ ይቻል እንደሆነም ጭምር።

መንግሥት ደሃው በቆጠበው ላይ ይጨምርለት የሚለው ሐሳብም አዲስ አይደለም። በብሪታንያ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች በወር እስከ 50 ፓውንድ ለአራት ዓመት ሲቆጥቡ መንግሥት ግማሹን ያህል ይጨምርላቸዋል፤ ጭማሪው ሲበዛ 1,200 ፓውንድ ይደርሳል። ብልህነቱ ያለው ስሌቱ ላይ ነው። ጭማሪው የሚሰላው ሒሳቡ ደርሶበት ከነበረው ከፍተኛ መጠን ላይ ስለሆነ፣ ሰው ተቸግሮ ቢያወጣ እንኳን እዚያ የደረሰበትን አያጣም። በር ያለው ቁልፍ ማለት እንዲህ ነው። እኛ አገር ይህን የመሰለ ቀጥተኛ ጭማሪ ባይኖርም፣ የከተማው ሴፍቲኔት የሚቀርበው ነገር አለው፦ ሥልጠና ወስዶ፣ የሥራ ዕቅድ አቅርቦ የሚገኝ የአንድ ጊዜ የሥራ መነሻ ገንዘብ። በመጀመሪያው ምዕራፍ ለአንድ ቤተሰብ 500 ዶላር ያህል ሆኖ ታስቦ ነበር። ሰዎች 20 በመቶውንና ይህን ገንዘብ ለየብቻ ያዩታል። አንድ ላይ ካልታዩ ሁለቱም ትንሽ ናቸው።

በዚያ ገንዘብ ምን ይገዛ? እዚህ ላይ ጥንቃቄ። በኢትዮጵያ፣ በጋና፣ በሆንዱራስ፣ በሕንድ፣ በፓኪስታንና በፔሩ ከ10,000 በላይ ቤተሰቦች የተሳተፉበት በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ትልቅ ጥናት አለ፤ የእኛው ክፍል የተሠራው ትግራይ ውስጥ ነው። ለቤተሰቡ ከብት ወይም ሌላ ሀብት፣ ለጊዜው የሚቆይ የቀለብ ድጋፍ፣ ሥልጠና፣ የቤት ለቤት ክትትልና ቁጠባ በአንድነት ተሰጠ። ድጋፉ ካበቃ ከዓመት በኋላም ኑሯቸው የተሻለ ሆኖ ተገኘ። በጋና ግን ፍየል ብቻ የተሰጣቸው ቤተሰቦች እንዲህ ያለ ለውጥ አላሳዩም። የሚጋግሩ ሴት ሁለተኛ ምጣድ ቢገዙ ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን የሚኖሩት በኪራይ ቤት ከሆነ የኤሌክትሪክ ቆጣሪው የአከራይ ነው። አከራይ «ምጣድ አይሰካም» ካለ ያ ምጣድ ማእዘን ላይ የቆመ ብረት ነው። ብዙ የሥራ ዕቅድ አንብቤያለሁ፤ ቆጣሪው የማን እንደሆነ የሚጠይቅ ቅጽ ግን አላጋጠመኝም። እርስዎ ከመግዛትዎ በፊት አከራይዎን ይጠይቁ፤ ከፈቀዱም የመብራቱ ሒሳብ እንዴት እንደሚከፈል ሁለት ምስክር ባለበት ተስማሙ።

ስለ ቤት ብዙ አልልም። በአዋጅ ቁጥር 47/67 የተወረሱትና በቀበሌ የሚከራዩት ቤቶች ለብዙ ደሃ ቤተሰብ ትልቅ እፎይታ ናቸው፤ ነገር ግን የሚኖሩበት እንጂ አስይዘው የሚበደሩበት አይደሉም። በቤት ማኅበር ተደራጅቶ መሬት ማግኘት ደግሞ አስቀድሞ በዝግ ሒሳብ የሚቀመጥ ዳጎስ ያለ ገንዘብ ይጠይቃል፤ በር ላይ የቆመው ገንዘብ ራሱ ደሃውን ይመልሰዋል። የገጠሩ ዘመድዎ በዚህ ከእርስዎ ሊሻሉ ይችላሉ። በክልላችን የይዞታ ደብተሩ በባልና በሚስት ስም ይሰጣል፤ በ2009 ዓ.ም. የወጣው የክልሉ የመሬት አዋጅ፣ ቁጥር 252፣ የመጠቀም መብቱን ለብድር ማስያዝንም ፈቅዷል። ከከተማ ቤት ይልቅ ለእርስዎ የሚቀርበው በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ፣ ቁጥር 1147 ነው። ማሽን፣ ከብት፣ ተሽከርካሪ አስመዝግቦ መበደር ይቻላል ይላል። አዋጁ ጥሩ ነው፤ የአንዲት ጋጋሪን ምጣድ በዋስትና የሚመዘግብ አበዳሪ ግን እስካሁን አላየሁም።

ገንዘቡ የት እንደሚቀመጥ ለመምረጥ ከተፈቀደልዎ ደግሞ አንድ ልዩነት ይወቁ። በ2013 ዓ.ም. በደንብ ቁጥር 482 የተቋቋመው የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ባንኮችንና የማይክሮ ፋይናንስ ተቋማትን ይሸፍናል፤ ተቋሙ ቢወድቅ ለአንድ ሰው እስከ 100,000 ብር ይመለስለታል። የሰፈር ዕቁብም ሆነ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር በዚህ ጥላ ሥር አይደሉም። ማኅበሩ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ በብዙ መሥሪያ ቤት በብድር ቀላልነቱ ባንክን ያስንቃል። ብቻ ኦዲት የተደረገበትን የመጨረሻ ዓመት ሳይጠይቁ አይግቡ። አማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ብለው የሚያውቁት፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ባሕር ዳር የነበረው አብቁተ፣ በ2014 ዓ.ም. ፀደይ ባንክ ሆኗል፤ የድሮ ደብተር ያላቸው እናትዎ ወይም አክስትዎ ካሉ ሒሳባቸው ወደ ባንኩ መዛወሩን ያረጋግጡ። በስልክ መቆጠብም ይቻላል፤ ቴሌብር ይህን አገልግሎት ይሰጣል። ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የስልክ ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ምን እንደሆንን እርስዎም እኔም እናውቃለን። ለሕመም ቀን የሚሆነውን ገንዘብ በስልክ ላይ ብቻ አያድርጉት።

እንግዲህ ዕቁቡን አይተዉ፤ 20 በመቶውንም አይጥሉት። በሚቀጥለው የክፍያ ቀን ወደ ሴፍቲኔት ጽሕፈት ቤቱ ሲሄዱ፣ ሒሳቡ የተከፈተበትን ባንክና የሒሳቡን ቁጥር፣ እስከ ዛሬ የገባውን መጠን በወረቀት፣ ደግሞም ከሦስቱ ዓመት በፊት ለሕመም ማውጣት ይፈቀድ እንደሆነና ማን እንደሚፈርም ይጠይቁ። ዛሬ ነገ ካሏችሁ የቀበሌው የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ፤ ብቻዎን ሳይሆን አብረውዎት ከሚጠርጉት ሴቶች ጋር ሆነው ይግቡ። የሚሰጥዎትን መልስ ቢጽፉልኝ፣ የመነሻ ገንዘቡን የሥራ ዕቅድ ከጤፉና ከቆጣሪው ጀምረን አብረን እንሠራዋለን።